የልጄ ደም ቶሎ አይረጋም፤ ናሙና መላክ ይሻላል ወይስ መሄድ?

የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ4 ዓመት ወንድ ልጄ ሲገረዝ 3 ቀን ደም ፈሶት ነበር፤ ያልፋል ብለን ተውነው። አሁን ደግሞ ሳይወድቅ ጉልበቱ አብጦ ይግላል። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጠሁት፤ መድማትን እንደሚያባብስ ኋላ ስሰማ አቆምኩ። በረዶ ስይዝለት ትንሽ ቀለለው።

በደም ምርመራው ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ሴሎች) 290,000፣ ፒቲ (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ምርመራ) 13 ሰከንድ ሆነው ደህና ናቸው፤ ኤፒቲቲ (ሌላው የመርጋት ጊዜ ምርመራ) ግን 82 ሰከንድ ነው፣ በጣም ረዝሟል፤ ተደግሞም ያው ሆነ። የእናቴ ወንድም በልጅነቱ ጥርሱ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። ይህን ለሐኪሙ ሳልነግር መምጣቴ ያንገበግበኛል።

የፋክተር 8 እና የፋክተር 9 (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች) ምርመራ ታዞለታል፤ በጠየቅኩባቸው ቦታዎች ግን አላገኘሁም። ደሙ ተቀድቶ ከቆየ ውጤቱ እንደሚዛባ ተነግሮኛል። ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) እዚህ ተለይቶና በረዶ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ ውጤቱ ይታመናል ወይስ ልጁን ራሱን ይዤ ልሂድ?