ሆቴል ካሊፎርኒያን ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ቃል ላይ ተጣብቄ ቀረሁ

ካሴት ሰሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ እህቴ ኤግልስ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ከልጅነቷ ጀምሮ ታንጎራጉረዋለች። ዜማውን አንድ ሳታዛንፍ ትለዋለች፤ ግጥሙ ግን አይገባትም። ባለፈው «በቃ ምን እንደሚል በአማርኛ ጻፍልኝና ቪዲዮው ስር እናስገባው» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ላይ ላዩን ታሪኩ ቀላል ነው እኮ። ሰውየው በሌሊት የበረሃ መንገድ ላይ ይነዳል፣ ይደክመዋል፣ ከሩቅ መብራት ያያል፣ ሆቴል ይገባል፣ በር ላይ አንዲት ሴት ሻማ ይዛ ትቀበለዋለች፣ ውስጥ ጭፈራ አለ፣ ድግስ አለ፣ መጨረሻ ላይ ልውጣ ሲል መሄድ የለም ይሉታል።

የተጣበቅኩት መሃል ላይ ነው። ሰውየው ወይን ያዛል። አስተናጋጁ (ዘፈኑ «ካፒቴኑ» ይለዋል) እንዲህ ያለ «ስፒሪት» ከ1969 ወዲህ እዚህ የለንም ብሎ ይመልስለታል። ስፒሪት በእንግሊዝኛ መንፈስም ነው፣ ጠንከር ያለ መጠጥም ነው። «መንፈስ» ብዬ ስጽፈው ወይን ታዞ ስለ መንፈስ የሚያወራ ያበደ አስተናጋጅ ሆነብኝ። «መጠጥ» ስለው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተኖ ጠፋ፤ መጠጥ አልቋል፣ ነገ ተመለስ እንደማለት።

ሌላው የመጨረሻው መስመር ነው። በፈለግህ ሰዓት «ቼክ አውት» ማድረግ ትችላለህ፣ መሄድ ግን አትችልም ይላል። «ሂሳብህን መዝጋት ትችላለህ» አልኩ። የባንክ ደብዳቤ መሰለኝ።

እግረ መንገዴን፣ እናንተ መጀመሪያ ስትሰሙት ምን መስሏችሁ ነበር? እኔ ለብዙ ዓመት የእውነተኛ ሆቴል ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር፣ አትሳቁ።

ዝም አይነቅዝም፦

ወንድሜ ተወው፣ አትተርጉመው። ይሄ የሰይጣን ዘፈን ነው። ሆቴሉ የሰይጣን አምላኪዎች ቤት ነው። 1969 የተመሠረቱበት ዓመት ነው። አልበሙን ከፍተህ ውስጡን ካየኸው በረንዳው ላይ የቆመው ሰው መሪያቸው ነው። ደግሞ ራሱ ዘፈኑ በቢላ ቢወጉትም «አውሬውን» መግደል አልቻሉም እያለ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይበላችሁ?

ቃል ለቃል፦

@ዝም አይነቅዝም ይህ ወሬ ዘፈኑን ሊያክል ምንም አልቀረውም፣ ግን ሲቆጥሩት አይሞላም። መሪያቸው አንቶን ላቬይ ያን የሰይጣን አምላኪዎች ድርጅት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። 1969 እሱ የጻፈው መጽሐፍ የታተመበት ዓመት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ሕንፃ ደግሞ ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍ ካለ ክሬን ላይ ሆነው ያነሱት። የሀብታምና የፊልም ሰዎች ማረፊያ ነው። በረንዳው ላይ ያለውንማ እኔም አይቼዋለሁ፤ ጥላ ነው፣ አያቴ ነው ብትለኝም አልከራከርህም።

ቢላዎቹንም ካነሳህ አይቀር። ግጥሙ ላይ ቢላዎቹ «ስቲሊ» (የብረት) ተብለዋል። ስቲሊ ዳን የሚባል ባንድ በዚያው በ1976 ባወጣው አልበም ውስጥ ኤግልስን በስም ጠርቶ ነካ አድርጓቸው ነበር። እነዚህ ደግሞ መልሰው ነኩት። የኤግልሱ ግሌን ፍራይ ራሱ የተናገረው ነው። ሁለቱ ባንዶች አንድ ማናጀር ነበራቸው። አንተ የመሥዋዕት ቢላ ያልከው የጓደኛ ቀልድ ሆነ ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ልስጥህ። አማርኛው ያንተን ትርጉም ያግዘዋል። እንግሊዝኛው ላይ «ቢስት» የሚለው ቃል እንስሳም ነው፣ አውሬም ነው፣ ውስጥህ ያለ የማይጠግብ ነገርም ነው። «አውሬው» ብለህ በአማርኛ ስትጽፈው ግን አንባቢው ቀጥታ የዮሐንስ ራእይ ውስጥ ይገባና 666 መቁጠር ይጀምራል። ዘፈኑ ምንም ሳይል አማርኛው ራሱ ወሰነለት። @ካሴት ሰሚ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። «የማይሞት እንስሳ» የሚል ነገር ብትሞክር ትንሽ ይከብዳል፣ ቢያንስ ግን እህትህን ወደ ራእይ አይወስዳትም።

ባር ጀርባ፦

አሥራ ሁለት ዓመት ባር ጀርባ ቆሜያለሁ፣ ስለዚህ ይሄኛው የኔ ሙያ ነው። ወይን ስፒሪት አይደለም። ወይን ተብላልቶ ይጠጣል። ስፒሪት የሚባለው ከፈላ በኋላ በእሳት ተንኖ የሚወጣው ነው፣ እንደ ውስኪና ቮድካ። ስለዚህ በሙያው ካየነው ካፒቴኑ የታዘዘውን አልሰማም።

ይህን ስህተት ነው ብለው ግጥሙን ለጻፈው ለዶን ሄንሊ የነገሩት ሰዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የጋዜጣ ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ ይህንኑ አነሳበት። ሄንሊ ደስ አላለውም። የመጀመሪያው አይደለህም፣ መስመሩ ከመጠጥ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ስለ ኅብረተሰቡና ስለ ዘመኑ ነው ዓይነት መልስ ነው የሰጠው። 1969 ለእነሱ ያ የሂፒው፣ የሰላምና የፍቅር የሚባለው ዘመን ያበቃበት ነው። ነሐሴ ላይ ውድስቶክ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ነበር፣ ታኅሣሥ ላይ አልታሞንት ላይ ኮንሰርት መሃል ሰው ተገደለ። ካፒቴኑ ያ ነገር አልቆብናል እያለ ነው።

ለቃሉ ደግሞ ሌት ተቀን የምሰማውን ልስጥህ፦ ሞቅታ። «እንዲህ ያለ ሞቅታ ከ1969 ወዲህ እዚህ የለንም።» መጠጡም አለ፣ የሰው ስሜትም አለ። ደንበኛ ራሱ «ሞቅ ብሎኛል» ሲለኝ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አንዳንዴ አላውቅም።

ሳቅ አይገድልም፦

ሰውየው ግጥሙ ላይ «ወይኔን አምጣልኝ» ነው የሚለው አይደል? ወይኔን! ሄንሊ አማርኛ ቢችል ኖሮ እዚህ ቦታ በደስታ ያብድ ነበር። ወይኔ ብሎ ያዘዘ ሰው እኮ ከዚያ ሆቴል እንደማይወጣ ያኔውኑ ያስታውቃል።

ሰም ፈላጊ፦

ከላይ ያለው ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። በቅኔ ቤት ኅብረ ቃል የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል። ስፒሪት ኅብረ ቃል ነው፣ ቼክ አውትም ነው። «መርሴዲስ» ያለበትንም መስመር እዩት። ስትሰሙት «ቤንዝ» የሚለው የመኪናው ስም ይመስላችኋል፣ አልበሙ ላይ ታትሞ ስታነቡት ግን ያው ድምፅ ያለው ሌላ ቃል ነው፣ መታጠፍና መጣመም የሚል። ሴትዮዋን ያጣመማት ሀብት ነው እንደማለት። ሰምታችሁ ብቻ ይህን ማግኘት አትችሉም።

ልዩነት ግን አለ። ሰምና ወርቅ ላይ ወርቁ አንድ ነው። ባለቅኔው ያውቀዋል፣ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ካልደረሰበት ቁጭ ብሎ ያስባል። እዚህ ዘፈን ላይ ወርቁ ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። ሙዚቃው መጀመሪያ የመጣው ከባንዱ ጊታር ተጫዋች ከዶን ፌልደር ነው፣ ያለ አንድ ቃል የተቀዳ። ሲሠሩት መጠሪያ ስሙ «ሜክሲኳዊ ሬጌ» ነበር። ምስሎቹን ሄንሊና ፍራይ ከላይ ጨመሩበት፣ እንደ ፊልም፣ አንዱ ትዕይንት ከሌላው ጋር ሳይያያዝ። ሄንሊ ሲጠየቅ ከየዋህነት ወደ ማወቅ የሚደረግ ጉዞ ነው ይላል፤ ሌላ ጊዜ የአሜሪካ ከልክ ያለፈ ምቾት የተደበቀ ጎን ነው ይላል። ያን ጊዜ ከነበሩት አምስት የባንዱ አባላት ደግሞ አንድም የካሊፎርኒያ ልጅ የለም። ሄንሊ ከቴክሳስ ነው፣ ፍራይ ከሚቺጋን፣ ፌልደር ከፍሎሪዳ። ለእኔ ዘፈኑን የከፈተልኝ ይሄ ነው። በር ላይ ቆሞ ይሄ ገነት ይሆን ሲኦል እያለ የሚያስበው እንግዳ እነሱ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ማንም የፈለገውን ይበል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሆቴሉ ካማሪዮ የሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው ይላል። ግጥሙ ላይ ይህን የሚያስይዝ አንድ ቃል አሳዩኝ። ሱስ ነው የሚለው ግን ቃል አለው፦ ሁላችንም እዚህ በገዛ እጃችን የታሰርን ነን ይላል።

ለቼክ አውት እኔ «መሰናበት» እላለሁ። በአሜሪካኖች አነጋገር ቼክ አውት ማለት መሞትም ነው። አማርኛውም ያው ነው፦ እንግዳም ይሰናበታል፣ ከሥራም ይሰናበታል፣ ከዚህ ዓለምም ይሰናበታል። «ባሻህ ጊዜ ተሰናበት፣ መሄድ ግን የለም።»

ስም የለኝም፦

ብዙ ጊዜ እዚህ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። «በገዛ እጃችን የታሰርን» የሚለውን ሳይ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ከመጠጥ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ይህን ዘፈን ሞቅ ሲለኝ ነበር የምከፍተው፣ ጊታሩ ደስ ይለኛል፣ ድምፁን ጣራ አስነካለሁ፣ ግጥሙን ልብ ብዬው አላውቅም። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም። ሁሌ የምሰማው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ነበር፤ ንፋሱን፣ መንገዱን፣ መብራቱን። ያ የመግቢያው ክፍል ነው፤ እውነትም ያምራል። ሦስት ጊዜ ለማቆም ሞክሬ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ሁለተኛው ላይ፣ አቆምኩ ብዬ ለሁሉም ካወራሁ በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ይህ ዘፈን ተከፈተና ያን የመጨረሻ መስመር ሰማሁ። ሹፌሩን እዚሁ አውርደኝ አልኩት። የሚገርመው የወረድኩት ቡና ቤት በር ላይ ነበር። ገባሁ።

ስለዚህ «ተሰናበት፣ መሄድ ግን የለም» ለእኔ እንቆቅልሽ አይደለም። በማቆምና በመሄድ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሄንሊ ይህን አስቦ ይጻፈው አይጻፈው ግድ የለኝም። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ «የለም» ማለቱ ውሸት ነው። ይቻላል።

ቃል ለቃል፦

@ስም የለኝም ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ለአንተ ንባብ አንድ ድጋፍ ልጨምር። መጀመሪያ ላይ በአየሩ የሚሸተው «ኮሊታስ» የስፓኒሽ ቃል ነው፣ ትንንሽ ጅራት ማለት። የማሪዋና ጫፍ ነው የሚሉት። ሰውየው ጭንቅላቱ ከብዶት ዓይኑ የደበዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ድካም ነው ብለን ስንሰማው የኖርነው።

ዝም አይነቅዝም፦

እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ስለ በረንዳው ግን እሺ፣ ጥላ ይሁን።

ካሴት ሰሚ፦

ወገን፣ ሁለት ቀን ጠፍቼ ይህን ሁሉ ሳገኝ ደነገጥኩ። ሞቅታን ወሰድኩ። መሰናበትን ወሰድኩ። ወይኔን እንዳለ ተውኩት፤ ያስተዋለ ያስተውል። «አውሬው» ላይ ግን ተሸነፍኩ። «እንስሳ» ስል የእርሻ ፕሮግራም መሰለብኝ፣ ስለዚህ መልሼ አውሬ አደረግሁት። «መርሴዲስ»ን በአማርኛ ማጣመም አልቻልኩም። የቻለ ካለ ይጻፍልኝ።

ለእህቴ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው መስመር ዝም ብላ አነበበች። ከዚያ ጽሑፉ አለቀና ሁለቱ ጊታሮች ብቻ ቀሩ፣ ታውቁታላችሁ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አንድም ቃል የለም። «ታዲያ ወጣ?» አለችኝ። ግጥሙ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው አልኳት። «ወደ በሩ እየሮጠ ነበር እኮ፣ ታዲያ ይሄ ጊታር ሩጫው አይደለም?» አለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። እኔ ጊታሩን ሁሌ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለ ነገር አድርጌ ነው የምሰማው።

ባር ጀርባ፦

እኔም የተዘጋ በር ነው የሚሰማኝ። እህትህ ትሻላለች።

ቃል ለቃል፦

ቪዲዮውን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር። 1969 ላይ «እ.ኤ.አ.» ጨምርበት። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1976 ነው፣ በእኛ ኅዳር 29 ቀን 1969 ዓ.ም. ማለት ነው። እንዲሁ ከተውከው ካፒቴኑ ዘፈኑ ራሱ ስለወጣበት ዓመት የሚያወራ ይመስላል፣ በዚያ ላይ በእኛ 1969 ሌላ ታሪክ ያለበት ዓመት ነው። ነገ ደግሞ አንዱ መጥቶ ከዚህ ሌላ ወርቅ ያወጣልሃል።