ለትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ዌብሳይት የሚሆን ነፃ ሶፍትዌር የቱ ነው? (ጎንደር)

የፒያሳው ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አክስቴ ፒያሳ አጠገብ ስድስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከፍለው ዌብሳይት አሠርተው ነበር። የሠራው ሰው አሁን ስልክ አያነሳም፤ ፓስዋርዱም ከሱ ጋር ቀረ። ገጹ ላይ ያለው ዋጋ ዛሬም የድሮው ነው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እያሳየ «እዚህ የሚለው ሌላ ነው» ሲላቸው አክስቴ በጣም ያፍራሉ።

አሁን እኔ አዲስ ልሠራላቸው ነው። አራት ገጽ ይበቃል፦ መግቢያ፣ ክፍሎችና ዋጋ፣ ፎቶ፣ አድራሻ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ያለው ነው። መብራትና ኔት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ኮድ ትንሽ ትንሽ ሞካክሬያለሁ። የጥምቀት እንግዳ ሳይገባ መድረስ አለበት። ምን ልጠቀም?

የማራኪዋ፦
ዎርድፕረስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ እየው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ነፃ ነው፣ ቴምፕሌቱም ብዙ ነው። ተማሪ እያለሁ የክበባችንን ገጽ የሠራሁት በሱ ነው። ኮድ ሳትነካ ጽሑፉን ትቀይራለህ። ዋጋ ሲጨምር አክስትህ ራሳቸው በስልካቸው ገብተው ማስተካከል ይችላሉ።

የአዘዞው፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው፤ ለአራት ገጽ ግን ይከብዳል። ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም ፒኤችፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ዳታቤዝ ያለው ሆስቲንግ (ገጹ ኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ይፈልጋል። ደህናው ሆስቲንግ ደግሞ በየዓመቱ ያስከፍላል። ዎርድፕረሱም፣ ቴምፕሌቱም፣ ፕለጊኑም (ተጨማሪ መሣሪያው) በየጊዜው አፕዴት መደረግ አለባቸው። እኔ የአንድ ሱቅ ገጽ ሠርቼ ስድስት ወር ዞር ብዬ አላየሁትም። ስከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶበት አገኘሁት። ባለ ሱቁ ፊት የተሰማኝ ሐፍረት አሁንም አልለቀቀኝም።

አራት የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ኮድ) ፋይልና ፎቶዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ካደረግህ ግን አፕዴት የሚባል ጣጣ የለም። ኮዱን ለመጻፍ ቪኤስ ኮድ የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ስትሳሳት ይጠቁምሃል። ከክሮም ጋር ሲከፈት ግን 4 ጊጋ ራም ላይ ይንቀራፈፋል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላንተ ላፕቶፕ ይቀለዋል። ሁለቱም አንዴ ከተጫኑ ኔት አይፈልጉም። ሴቭ አድርገህ ብራውዘሩን ሪፍሬሽ ስታደርግ ለውጡን እዚያው ታያለህ።

የቁስቋሙ፦
ኮድ ከሰለቸህ ኮምፖዘር አለልህ። እንደ ዎርድ እየጻፍክ ኤችቲኤምኤሉን እሱ ያዘጋጅልሃል። እኛ የተማርነው በሱ ነበር።

የአዘዞው፦
ወንድሜ፣ ኮምፖዘር እኮ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ እትም አልወጣለትም። ስልክ በመጣበት ዘመን ለስልክ የሚሆን ገጽ አይሠራም። ብራኬትስ የሚባለውን የኮድ መጻፊያም አዶቤ በ2021 እ.ኤ.አ. ትቶታል። ኮድ አልፈልግም የሚል ሰው ፐብሊ የሚባለውን የገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ይሞክር። ኮምፒውተርህ ላይ ያለ ኔት ትሠራለህ፣ ኔት ሲመጣ አንዴ ተጭነህ ትልካለህ።

የፒያሳው ልጅ፦
በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ጀመርኩ። እንግሊዝኛው አምሯል። አማርኛው ግን ጉድ ሆነ! መግቢያውን የጻፍኩት በዊንዶውሱ ተራ ኖትፓድ ነበር፤ «እንኳን ደህና መጡ» ያልኩት በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። የዋጋው ገጽ ደግሞ ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ፊደል ያሳያል።

የማተሚያ ቤቷ፦
አይዞህ፣ ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው። የጥያቄ ምልክት ካየህ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ፊደሉ ጠፍቷል። የድሮ ኖትፓድ ሳትነግረው አንሲ በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ያስቀምጣል፤ አንሲ ደግሞ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ እንደገና መጻፍ ነው። ስታስቀምጥ የግዕዝንም ፊደል የሚይዘውን፣ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጥ። ዝብርቅርቁ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ደህና ነው፣ ብራውዘሩ ነው ያላወቀው። በኤችቲኤምኤሉ ሄድ በሚባለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ቻርሴቱ (የፊደል ማስቀመጫ ዘዴው) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር መስመር ጨምር።

ይህ ካልፈታው የዋጋውን ዝርዝር ከየት ነው የገለበጥከው? በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት ከተጻፈ ሰነድ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ነው። ፎንቱ የሌለው ስልክ ላይ ትርጉም አልባ ነው፤ ጉግልም አያገኘውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ የሱን ተጠቀም። ለመልኩ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

የፒያሳው ልጅ፦
እውነትሽን ነው እህቴ! የአክስቴ የድሮ የዋጋ ወረቀት ነበር። እንደገና ጻፍኩት፣ ተስተካከለ። አሁን የት ላስቀምጠው? ጊትሀብ ፔጅስ የሚባለው የገጽ ማስቀመጫ ነፃ ነው ሲሉ ሰማሁ።

የአዘዞው፦
ነፃ ነው፣ ግን ደንቡ የንግድ ሥራ ማስኬጃ እንዲሆን አይፈቅድም። የእንግዳ ማረፊያ ስለሆነ አልመክርህም። ኔትሊፋይ የሚባለው ሌላ የገጽ ማስቀመጫ ላይ ግን ፎልደሩን በማውስ ጎትተህ መጣል ብቻ ነው። አደራ፣ አካውንቱን በአክስትህ ኢሜይል ክፈተው፣ ፓስዋርዱንም ደብተራቸው ላይ ጻፍላቸው። እስካሁን የተቸገሩት በዚያ አይደል?

የማራኪዋ፦
ፎቶዎቹንም አሳንሳቸው። ከስልክ የወጣ ፎቶ እንዳለ ከተጫነ ዳታ ቆጥቦ የሚገባ እንግዳ ሳይከፈትለት ይሄዳል። ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ስፋቱን 1200 ፒክስል አድርገህ ጄፔግ አድርገው።

የፒያሳው ልጅ፦
ትናንት ማታ ወጣ! የሰገነቱን ፎቶ፣ ያ የፋሲል ግንብ የሚታይበትን፣ አሳንሼ መግቢያው ላይ አደረግኩት። አክስቴ በስልካቸው ከፍተው ዋጋውን ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ «ቁርስ ላይ ፍርፍርም እንዳለ ጻፍበት» አሉኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጨመርኩት፣ ፎልደሩን መልሼ ጣልኩት። ቡናው ሳይፈላ ስልካቸው ላይ አዩት። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።