የመድኃኒት አስታዋሽ አፔ ስብሰባ መሀል አጋለጠኝ፤ ላጥፋው ወይስ ላቆየው?

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። የሚጥል በሽታ አለብኝ። መድኃኒቴን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ከዘለልኩ ሊጥለኝ ስለሚችል ስልኬ ላይ የሚያስታውሰኝ አፕ ጫንኩ። ሲጥለኝም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደቆየ እመዘግብበታለሁ። ድሮ ሐኪሜ "ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ጊዜ ጣለሽ?" ሲለኝ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው። አሁን ስልኬን አቀብለዋለሁ። ሁለቴ የጣለኝ መድኃኒት በዘለልኩ ማግስት መሆኑን ያስተዋለው ከዚያው መዝገብ ነው። መጠኑን ሊጨምርልኝ አስቦ ነበር፣ ተወው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስብሰባ ላይ ነን። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ ስክሪኑ ግን ቦግ አለ። "ሌቬቲራሴታም 500 ሚሊ ግራም" ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የበሽታው ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ አነበበችው። አየኋት፤ አየችኝ። ምንም አላለችም። ከሰዓት ግን "ደህና ነሽ አይደል?" እያለች ሦስቴ መጣች። ልቧ ደግ ነው፤ አልተቀየምኳትም። ግን ለማን ልንገር፣ ለማን ልተው የሚለው የእኔ ምርጫ ነበር። ስልኬ ቀደመኝ።

ላጥፋውና ወደ ደብተሬ ልመለስ? ደብተር እኮ ሰዓት አያስታውስም። ደግሞ ሌላም ነገር ከነከነኝ፤ እሷን እንኳ ዓይኔ አይቷታል። የማላያቸውስ?

ግፊታሙ

አይዞሽ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ክፈቺና የመልእክቱ ይዘት ስልኩ ሲከፈት ብቻ እንዲታይ አድርጊው። አንድሮይድም ሎክ ስክሪን ላይ ምስጢራዊ ይዘትን የሚደብቅ ምርጫ አለው። ከ2024 ወዲህ በወጡት የአይፎን ሲስተሞች ደግሞ አፑን ራሱን በፊትሽ ወይም በጣት አሻራሽ መቆለፍ ትችያለሽ።

እኔ የደም ግፊት መድኃኒቴን አፑ ላይ "ውሃ ጠጣ" ብዬ ነው የመዘገብኩት። ባለቤቴ አንድ ቀን አይታ "ደሞ ውሃ ለመጠጣትም ማንቂያ?" ብላ ስቃብኛለች።

ኮድ ጻፊ

የማታያቸውን በተመለከተ እኔ ልመልስ። ስሙን የማልጠራው አንድ የጤና አፕ ላይ ሠርቻለሁ። ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ለመቁጠር ብለን ሌላ ድርጅት የሠራውን ዝግጁ ኮድ አስገባን። ከወራት በኋላ አንድ ልጅ ከአፑ የሚወጣውን ዳታ ሲፈትሽ፣ ሰው መድኃኒት በጨመረ ቁጥር የመድኃኒቱ ስም ከስልኩ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር (አስተዋዋቂ ድርጅቶች ስልኩን ከሌላው ከሚለዩበት ቁጥር) ጋር አብሮ ወደዚያ ድርጅት ይሄዳል። ሰው ልጎዳ ብሎ ያደረገው አልነበረም። ያየውም አልነበረም።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉድአርኤክስ የተባለውን የመድኃኒት ቅናሽ አፕ የተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጎግል አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶት፣ ድርጅቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ሰው ብዙ ጊዜ "የሕክምና ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው" ብሎ ይዘናጋል። እዚያው አሜሪካ የ1996ቱ ሂፓ የሚባለው ሕግ የሚይዘው ሆስፒታሉን፣ ሐኪሙን፣ የጤና መድኑንና ለእነሱ የሚሠሩትን ነው። አንቺ በራስሽ ያወረድሽው አፕ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ውጭ ነው።

ስለዚህ አፕ ስትመርጪ ያለ አካውንት የሚሠራውን አስቀድሚ። መሞከሪያም አለው። ስልክሽን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊና አንድ ቀን ሙሉ ተጠቀሚበት። ማንቂያውም መዝገቡም ከሠራ፣ ለሥራው የማንም ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚገናኘው የድርጅት ኮምፒውተር፣ አያስፈልገውም ማለት ነው። (ምንም አይልክም ማለት ግን አይደለም፤ አጠራቅሞ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሊልክ ይችላል።) ያለሽበትን ቦታና የስልክ ቁጥሮችሽን ልይ ካለሽ ከልክዪው። መድኃኒት ለማስታወስ የአክስትሽ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ደግሞ አፑን ከስልክሽ ማጥፋት አካውንትሽን ማጥፋት አይደለም። መጀመሪያ መዝገብሽን በፒዲኤፍ አውጪ፣ ከዚያ አካውንቱን ሰርዢ፣ አፑን መጨረሻ ላይ አጥፊ። ሰው ሁሉ ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው።

ነርሷ

ግፊታሙ፣ "ውሃ ጠጣ" ያልከው አሳቀኝ፤ ግን ድንገተኛ ክፍል ራስህን ስተህ ብትመጣ እኔን አያስቀኝም። የምትወስደውን መድኃኒት ቢያንስ ከቤትህ አንድ ሰው በትክክለኛ ስሙ ይወቀው።

ማለዳ እህቴ፣ አንቺ ዘንድ ሁሉን ነገር መደበቅ አደጋ አለው። ስልክሽ ሳይከፈት ከድንገተኛ ጥሪው ገጽ የሚታይ የሕክምና መረጃ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ላይ በሽታውን፣ መድኃኒቱንና የሚደወልለትን ሰው ብትጽፊ ጥሩ ነው። አዎ፣ ፈልጎ የነካው ሁሉ ያየዋል። ግን ጠረጴዛ ላይ በራሱ ቦግ አይልም። መንገድ ላይ ወድቀሽ ላገኘሽ ሰው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የላብራቶሪ ውጤታቸውን ፎቶ አንስተው የሚያስቀምጡ ሰዎች፣ ጋለሪያችሁ ከማን ጋር እንደተጋራ እዩ። አንዲት ታካሚ ያነሳችው ውጤት የቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ በሚጠራቀምበት ክላውድ ገብቶ፣ እርጉዝ መሆኗን ከባሏ በፊት የባሏ እህት አወቀች።

ማለዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኖቲፊኬሽኑን ደበቅኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የኤርፕሌን ሞዱን ፈተና ግን አፔ ወደቀ። ገና ስከፍተው "ኢንተርኔት የለም" ብሎ ቀጥ አለ። ሌላ ያለ አካውንት የሚሠራ አገኘሁና መዝገቤን ቅዳሜ ቁጭ ብዬ በእጄ ገለበጥኩ። አሰልቺ ነው። የሕክምና መረጃውንም ሞላሁ፤ የሚደወልለት ሰው የሚለው ላይ እህቴን አስገባሁ።

ባልደረባዬን ደግሞ ሰኞ ለብቻዋ ጠርቼ ራሴው ነገርኳት። ከጣለኝ በጎኔ እንድታስተኛኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም እንዳትከት፣ ሰዓት እንድትይዝና 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ እንድትጠራ። ስልኳን አውጥታ ልትጽፈው ስትል "ኧረ በቃልሽ ያዢው!" አልኳት።

የድሮውን አካውንቴን እንዲሰርዙልኝ ጽፌ ስድስት ቀን ሆነኝ፤ መልስ የለም። ኮድ ጻፊ፣ ስንት ቀን ልጠብቃቸው?