ለ3 ጣቢያ 7 ቢሊዮን ዶላር፤ ሁለተኛው አቬኑ ይቆፈር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የኒው ዮርክ ሰብዌይ፣ ማለትም የምድር ውስጥ ባቡር፣ ነው። ማንሃታን በሚባለው የከተማዋ ደሴት፣ በሁለተኛው አቬኑ ጎዳና ሥር ያለው መስመር ከ96ኛው መንገድ ተነስቶ እስከ 125ኛው መንገድ፣ ማለትም እስከ ምሥራቅ ሃርለም ሰፈር፣ እንዲቀጥል ታቅዷል። 3 አዲስ ጣቢያ፣ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ገንዘቡ እዚህ ይዋል ወይስ ሌላ ቦታ? ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ ክልክል ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ እኔ ይቆፈር ባይ ነኝ። የሃርለም ሰው የተወሰደበትን ነው የጠየቀው። ድሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው አቬኑ ላይ፣ ከመንገዱ በላይ፣ በብረት ምሰሶ የሚሄዱ ባቡሮች ነበሩ። የሁለተኛው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። የሦስተኛው ማንሃታን ውስጥ በ1955 ተዘጋ። በምትካቸው የሚመጣው የምድር ውስጥ ባቡር ዕቅድ ግን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ወረቀት ላይ ነው ያለው። በ1972 የመጀመሪያው አካፋ መሬት የነካው የት ይመስላችኋል? 103ኛው መንገድ ላይ፣ እዚያው ምሥራቅ ሃርለም። በ1975 ከተማዋ ገንዘብ ሲያጥራት ሥራው ቆመ። ከዚያ በ2017 ጃንዩወሪ 1 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተከፈተ ተባለና 96ኛው ላይ፣ ሃርለም ደጃፍ፣ ቀጥ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ታሪኩ ልክ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ዋጋው ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 4.45 ቢሊዮን ዶላር በላ። ኪሎ ሜትሩ 1.5 ቢሊዮን ገደማ መጣ ማለት ነው። ፓሪስና ማድሪድ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጡት የዚህን ትንሽ ክፋይ ነው። ሰው ሁሉ በማንሃታን ድንጋይ ያሳብባል። ገንዘቡን የጨረሰው ግን ዋሻው አይደለም፣ ጣቢያዎቹ ናቸው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሒሳቡን ሲበረብሩት ጣቢያዎቹ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሆነው ተገኙ። መንገደኛ ለሚቆምበት አይደለም ትልቅ የሆኑት። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሴ ማረፊያ፣ የራሴ ዕቃ ማስቀመጫ ካልተሰጠኝ አለ። ክፍሎቹ ሲበዙ ጉድጓዱ ረዘመ። ከመሬት በታች ደግሞ ባዶ ቦታም ዋጋ አለው።

የሌሊት ተረኛ፦ እሺ፣ ጣቢያው ይነስ፤ ማን ጠላ። ግን የሀብታሞቹ ሰፈር ሲቆፈር በተበላሸው ሒሳብ ለምን ሃርለም ይቀጣል?

ከብሩክሊን፦ እኔም የምቆጨው በዚሁ ማንሃታን ማንሃታን በሚል ነገር ነው። ትልልቆቹ መስመሮች በሙሉ ማንሃታን ይገባሉ፤ ከሁለት ትንንሽ ማመላለሻዎች ሌላ የማትገባው ጂ የምትባለው መስመር ብቻ ናት። ከብሩክሊን ወደ ሌላው የከተማዋ ክፍል፣ ወደ ኩዊንስ፣ ልሂድ ካልክ፣ ብዙ ጊዜ ወንዙን ተሻግረህ ገብተህ እንደገና ተሻግረህ መውጣት ነው። ኢንተርቦሮ ኤክስፕረስ የሚባለውን ዕቅድ እዩት። ከብሩክሊኑ ቤይ ሪጅ እስከ ኩዊንሱ ጃክሰን ሃይትስ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 19 ጣቢያ፣ 17 የሰብዌይ መስመሮችን ያገናኛል። ግምቱ 5.5 ቢሊዮን። ሃዲዱ ደግሞ አለ! ዕቃ ጫኝ ባቡር አልፎ አልፎ የሚሄድበት ነው። 3 ጣቢያ በ7 ወይስ 19 ጣቢያ በ5.5? ይሄ ካልኩሌተር አይፈልግም።

መሐንዲሱ፦ ወንድሜ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በግ ከበሬ ጋር አታወዳድር። ያ ቀላል ባቡር ነው፤ እንደ ሰብዌይ የሚረዝም ፉርጎ የለውም። በቂ ገንዘብም ገና የለውም፤ እስከ 2029 በሚዘልቀው የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ በጀት የተያዘለት ግማሹ ነው። ደግሞ የሌክሲንግተንን መስመር አትርሳ። ምሥራቁን የማንሃታን ክፍል ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቻውን የተሸከመው እሱ ነው። ከኮቪድ በፊት በቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሳፈርበት ነበር። ጠዋት በ8 ሰዓት በፈረንጅ፣ እግርህን ካነሳህ መልሰህ የምታሳርፍበት አታገኝም።

ቢጫ ታክሲ፦ ልጆቼ፣ ስለ ሜትር ትጨቃጨቃላችሁ፤ ከፋዩን ማንም አላነሳም። ከ2025 ጃንዩወሪ ጀምሮ ከ60ኛው መንገድ በታች የገባ የግል መኪና መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት 9 ዶላር ይከፍላል። በእኔ ታክሲ የሚሳፈር በየጉዞው 75 ሳንቲም ይጨመርበታል። በዚህ ገቢ ላይ ተበድረው 15 ቢሊዮን ሊያገኙ ነው፤ ሃርለምም ከዚያው ድርሻ አለው። እሺ፣ ይሁን። መንገዱ ቀለል ማለቱንም አልክድም። ግን ያረጀው ቤት እያፈሰሰ አዲስ ሳሎን አይሠራም። ባቡሮቹ ዛሬም በብዙ መስመር የሚመሩት በ1930ዎቹ ዓይነት ሲግናል ነው። ይሄ ተቀይሮ ቢሆን በዚያው ዋሻ ብዙ ባቡር ይሄድ ነበር።

የሌሊት ተረኛ፦ ጋሼ፣ የሲግናሉ ነገር እውነት ነው። ግን እስከ 2029 ያለው በጀት 68 ቢሊዮን ነው፤ አብዛኛውም ለጥገና፣ ለአዲስ ፉርጎና ለሲግናል ነው። ጥገና ተረስቷል አይባልም። ኤል እና 7 ቁጥር መስመሮች እኮ በኮምፒውተር መመራት ከጀመሩ ቆዩ።

ቢጫ ታክሲ፦ ሁለት መስመር ነው የጠራሽልኝ፣ ልጄ።

የሌሊት ተረኛ፦ 😅 እሱስ አዎ። ሌሎቹም ተራ ላይ ናቸው። ግን ይሄ ሰብዌይ ሌሊት አይዘጋም። እኔ ከሥራ የምወጣው ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ባቡር አለ። በዚያ ሰዓት ባቡር የሚያስኬድ ትልቅ ከተማ ስንት ነው? ዋጋው ደግሞ ይሄ ነው፤ ሠራተኛ ሃዲድ ላይ የሚገባበት ሰፊ ሰዓት የለም። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ሲዘጋ ነው ሰው ምን እንዳጣ የገባው።

ባለጋሪ፦ ሁለት ልጅ በጋሪ የምገፋ እናት ነኝ። አዲስ ጣቢያ ሊፍት ይዞ ይመጣል። የድሮዎቹን 95 በመቶ ለማዳረስ የተገባው ቃል ግን እስከ 2055 ነው። ልጆቼ ያኔ የራሳቸውን ልጅ ይገፋሉ። እኔ ድምፄን ለሊፍት ሰጥቻለሁ፣ የት እንደሚሠራ ግድ የለኝም።

መሐንዲሱ፦ እኔ አቋሜን ላስተካክል። ይቆፈር፤ ግን 125ኛው ላይ አይቁም። የቁፋሮ ማሽኑን መሬት ውስጥ ለማስገባት ብቻ ስንት ወር ነው የሚሄደው። አንዴ ከገባ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ 125ኛውን ተከትሎ እስከ ብሮድዌይ ቢሄድ ሰሜን ማንሃታንን አቋርጦ ብዙ መስመሮችን ያገናኛል። የኒው ዮርክ ገዥ ካቲ ሆኩል በ2024 ይጠና ያሉት ይህንን ነው። ማሽኑን አውጥቶ ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ማስገባት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ከብሩክሊን፦ ሃሃ፣ በ7 ቢሊዮን ሲንገበገብ የነበረው ሰውዬ ተጨማሪ ዋሻ አዘዘ።

መሐንዲሱ፦ ጣቢያውን አሳንሰህ፣ ዋሻውን አስረዝመህ። እኔ ከመጀመሪያው የተጣላሁት ከጣቢያው ጋር ነው።

አወያይ፦ የፌዴራሉን ገንዘብ ማንም አላነሳም። በ2023 ዋሽንግተን 3.4 ቢሊዮን ልትሰጥ ተፈራርማ ነበር። በ2025 ኦክቶበር ደግሞ ያዝ አደረገችው። ይሄ ክርክራችሁን ይቀይረዋል?

ቢጫ ታክሲ፦ ይቀይራል እንጂ! ግማሹ የሰው ኪስ ውስጥ ያለ ድግስ ተጠርቶበት አይኬድም።

የሌሊት ተረኛ፦ ጋሼ፣ በ1975ም የተባለው ይኸው ነው፤ ገንዘብ እስኪገኝ። ከ110ኛው እስከ 120ኛው መንገድ ያለው ዋሻ ያን ጊዜ የተቆፈረ ነው። እስካሁን አንድ ባቡር አላለፈበትም። ለዚህኛው ምዕራፍ ይጠቀሙበታል እየተባለ ነው። በየቀኑ በላዩ ላይ እየሄድኩ ነው ሌክሲንግተን የምደርሰው።