18ኛው ስተድ አልገባ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የሞተር ሙያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። የ2001 ዶጅ ራም አለኝ፤ ሞተሩ ባለ 24 ቫልቭ፣ 5.9 ሊትር ከሚንስ ናፍጣ። የቱርቦውን ግፊት ከፍ ላደርግ ስላሰብኩ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ብሎኖች በኤአርፒ ኩባንያ ስተድ (ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው፣ ከላይ በዳዶ የሚታሰር ዘንግ) መቀየር ጀመርኩ። ቴስታታውን አላወረድኩም። አንድ ብሎን ፈትቼ አንድ ስተድ እየተካሁ ነው። ከ26ቱ 17ቱ አልቀዋል።

18ኛው ላይ ተያዝኩ። በእጄ እያዞርኩት ይገባ ይገባና መጨረሻው ላይ ይመልሰኛል። ከጎረቤቶቹ ሁለት ጥርስ ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ሳወጣው ጫፉ በዘይት ርሷል። ከላይ የወረደ ዘይት ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመ መሰለኝ። በቁልፍ እንዳላስገድደው ፈራሁ፤ ዘይት አይታመቅም፣ ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ቢሰነጥቅብኝስ? በመርፌና በቀጭን ቱቦ ሳብኩ፣ ሽቦ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬም ሞከርኩ። ያው ነው። በኮምፕረሰር ብነፋው ቆሻሻው ሌላ ቦታ አይገባብኝም?

ደግሞ መመሪያው ዳዶዎቹ በ125 ፉት ፓውንድ ይጥበቁ ይላል። ሞተሩን አሙቄ ካቀዘቀዝኩት በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ልፈትሻቸው ወይስ ልተዋቸው? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። በእጁ የሠራ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፤ ሰኞ መኪናውን ለሥራ እፈልገዋለሁ።