በፖከር ቶፕ ፔር (ጠረጴዛው ላይ ካለው ትልቁ ካርታ ጋር ጥንድ) ይዤ ሬይዝ (ውርርድ ማሳደግ) ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?

ፖከር የምትችሉ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት እንጫወታለን። ገንዘብ የለበትም፣ በቺፕ ብቻ ነው። እኔ ግን ጨዋታውን በደንብ መቻል እፈልጋለሁ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። እጄ ላይ ኪንግና ጃክ አለ። ፍሎፑ (መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ኪንግ፣ 9 እና 8 ሆኖ ወረደ። ከሦስቱ ሁለቱ ልብ ናቸው፤ የእኔዎቹ ልብ አይደሉም። ፖቱ (መሃል ላይ የተሰበሰበው ቺፕ) 400 ነበር፣ 200 አስገባሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወደ 600 አሳደገው። ኮል ለማለት (ከእሱ ጋር እኩል አስገብቼ ለመቀጠል) 400 መጨመር አለብኝ። ፖቱ 1,600 ስለሚሆን 25 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ካለኝ ያዋጣል። እስከዚህ ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋኝ። ሁለት 9 ወይም ሁለት 8 ይዞ ከሆነ ሦስት ተመሳሳይ ስለሚሆንለት አለቀልኝ፤ ግን እያንዳንዳቸው በ3 መንገድ ብቻ ነው የሚመጡት። ኤስና ኪንግ በ8 መንገድ ይመጣል፣ እሱም ይበልጠኛል። ሁለት ልብ ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ የምመራው እኔ ነኝ። እስከ ሪቨር (የመጨረሻው፣ አምስተኛው የጋራ ካርታ) የመሙላት ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው።

ሬይዝ ያደረገው በዕድሜ የሚበልጠን ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ጥሩ ካርታ ካልያዘ አይነቃነቅም። እንደ እሱ ዓይነቱ ላይ ወዲያው ፎልድ (ካርታዬን ጥዬ መውጣት) ትላላችሁ? ኮል ካልኩስ፣ ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ልብ ሳይመጣ እንደገና ብዙ ቢያስገባ ልቀጥል ወይስ እዚያው ላቁም?