የዕቅድ ውይይት፦ ለጋራ ካሜራዎቻችን አንድ ዓይነት ፕሌት

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ አባላት። የዕቃ ግዢ ጥያቄያችን ከደመራ በፊት ማለቅ አለበት። መብራቱና ማይኩ ላይ ተስማምተናል። የቀረን የካሜራ ፕሌት ነው። ትንሽ ዕቃ ይመስላል፤ ግን ያን ሁሉ ብር የወጣበትን ካሜራ ከትራይፖድ (ከባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) ጋር የሚይዘው እሱ ነው። አሁን ሁሉም የየራሱን ይዞ ስለሚመጣ መስቀል አደባባይ ላይ የአንዱ ካሜራ የሌላው ትራይፖድ ላይ አልገባ ይላል። በጋራ የምንጠይቀውን እንምረጥ። ሐሳባችሁን አምጡ።

ካሜራማን፣ ከካዛንቺስ
የትከሻ ካሜራዎቹ ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። ከሥራቸው በፊት በኩል የቪ ቅርጽ ያለው ሽብልቅ፣ በኋላ በኩል ደግሞ መያዣ አላቸው። የሶኒ ቪሲቲ 14 የሚባለው ፕሌት ለዚያ የተሠራ ነው። አስቀምጦ ወደ ፊት መግፋት ብቻ፤ ቀጭ ሲል ገብቷል። ለማውጣት ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ማንሻውን መሳብ ነው። ከሌሎች ፋብሪካዎች የወጡ ብዙ የትከሻ ካሜራዎችም ይቀበሉታል።

የምፈራው ርካሽ ቅጂውን ነው። አዲስ ሲሆን ጥሩ ይይዛል፣ ሲቆይ ይላወሳል። መላወሱ በእጅ ሲነካ ምንም አይመስልም። ግን እስቲ አስሉት። ካሜራው በ200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢላወስ፣ 50 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ላይ ፍሬሙ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። ዙም ከፍተን የአንድ ዘማሪ ፊት ስንይዝ ይህ ማለት ፊቱ ከፍሬም ሊወጣ ነው። ለዚህ ነው እዚህ ላይ ብር አይቆጠብ የምለው።

የካሜራ ረዳት
ጋሼ፣ የትከሻው ገብቶኛል። የኛ ትንንሾቹስ? ኤፍኤክስ 6 የምንለው የሶኒ ትንሽ ካሜራ ባዶውን 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከትራይፖዱ ጋር የመጣችው ትንሿ ፕሌት አትበቃም?

ካሜራማን፣ ከካዛንቺስ
ባዶውን ማን ይሠራበታል ልጄ? ከኋላ ትልቁን ባትሪ ጫንበት፣ ከፊት የዙም ሌንስ፣ ከላይ ሞኒተርና የድምፅ መቀበያ። ያኔ ክብደቱ ሌላ ነው፣ ሚዛኑም ወዲያና ወዲህ ይላል። አጭር ፕሌት ሚዛን ለመፈለግ ቦታ አይሰጥም። ረጅሙ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚንሸራተት፣ እጅህን ለቀቅ ስታደርገው ካሜራው እንዳለ ይቆማል።

ሌላው ብሎኑ ነው። ፕሌቱ አንድ ብሎን ብቻ ካለው ፓን ስታደርግ፣ ማለትም ካሜራውን ወደ ጎን ስታዞር፣ ካሜራው ራሱ ብሎኑ ላይ ይዞራል። ሄድ የምንለው የትራይፖዱ ተሽከርካሪ አናት ሲዞር ካሜራው ይዘገይና ከዚያ ዘለል ይላል፤ አይተኸዋል። ሁለት ብሎን፣ ወይም አንድ ብሎንና ከጎኑ የምትገባ ትንሽ ፒን የግድ ነው። ፕሌቱ ላይ የሚለጠፈው ወፍራም ጎማም ለከባድ ካሜራ አይሆንም። ጎማው ይጨመቃል፣ ካሜራው ይወዛወዛል። ብረት በብረት ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ ነው የሚታመነው።

ሂሳብ ያዥ
ሁሉንም ከውጭ ከገዛን በጀቱ አይችለውም። መርካቶ ጥሩ ቶርኖ ቤቶች አሉ። አሉሚኒየም ገዝተን እዚያው ብናሠራስ?

የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ
እህቴ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን በከፊል። ጠፍጣፋውን፣ ማለትም ከካሜራው ሥር የሚገባውን ከፍ ማድረጊያ፣ ቶርኖ ቤት አሳምሮ ይሠራዋል። የሚቆለፈውንና የሚንሸራተተውን ክፍል ግን አይሞከር። እዚያ ላይ ትንሽ ስህተት ካሜራ ይጥላል።

ብሎኑን ደግሞ በጣም አደራ። የካሜራ ቀዳዳ በኢንች ነው፦ አንድ አራተኛ ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ። ትልቁ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ነው። ሱቅ ሄደህ ዝም ብለህ ብሎን ካልክ ባለ 6 ሚሊው ይሰጥሃል። ውፍረቱ ይቀራረባል፤ የአንድ አራተኛው 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት ግን በባለ 6 ሚሊው 1 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ አራተኛው 1.27 ነው። መጀመሪያ ይገባል፣ ሁለት ዙር ሄዶ ጠጠር ይላል። ያልገባው ሰው በመፍቻ ይጨምርበታል፤ በቃ፣ የካሜራው ፊሌት፣ ማለትም የቀዳዳው ጥርስ፣ ተበላ። የፕሌት ዋጋ ስንቆጥብ የካሜራ ሆድ ማስጠገን ይመጣል። ርዝመቱም ይታይ፤ ብሎኑ ቀዳዳው ጫፍ ደርሶ ከቆመ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ፕሌቱን አልያዘም።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት ስንሄድ ትክክለኛውን ብሎን ናሙና ይዘን እንሂድ። በቃል አይነገር።

ሂሳብ ያዥ
እሺ ወንድሜ፣ ይህ አሳምኖኛል። ግን ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ አንድ ከማለት፣ ለጋራ ትራይፖዶቻችን እንግዛ። የግል ካሜራ ያለው ከሥር የሚገባውን ብቻ ያሠራ።

የካሜራ ረዳት
እስማማለሁ። ከመግዛታችን በፊት ግን እንሞክረው። አራት ኪሎ ሐውልቱ ፊት ለፊት ትራይፖድ ተክለን፣ ዙሙን እስከ መጨረሻ ከፍተን ጫፉን ፍሬም መሐል እንያዝ። ከዚያ የካሜራውን የኋላ እጀታ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ነው። ሲለቀቅ ጫፉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ፕሌቱ ይላወሳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጥሩ። እስካሁን ከተባለው ረቂቁ ላይ የማሰፍረው ይህን ነው። ለትከሻ ካሜራዎች የቪሲቲ 14 ዓይነት፣ ውስጡ ብረት የሆነ፣ በጋራ ትራይፖዶች ልክ። ለትንንሾቹ ረጅም ተንሸራታች ፕሌት፣ ሁለት ብሎን ወይም ብሎንና ፒን ያለው፣ ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ። ከፍ ማድረጊያው መርካቶ ይሠራል። ብሎን በሁለቱም መጠን በመጠባበቂያነት ይገዛል፤ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊው ሳያየው አይረከብም። የአራት ኪሎው ሙከራም ከክፍያ በፊት እንደ ቅድመ ሁኔታ ይገባል።

አንድ ነገር ብቻ ይቅረብልኝ። ሁላችሁም ያላችሁን ትራይፖድ ሄድ ዓይነትና የሚችለውን ኪሎ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። እሱን ሳላውቅ የፕሌቱን ቁጥር መጻፍ አልችልም።

ካሜራማን፣ ከካዛንቺስ
የኔን ዛሬ ማታ እልካለሁ። ለሙከራውም የትከሻውን ካሜራ ይዤ እመጣለሁ።